ማብሪያው ያለበት ቤት

ግንቦት 1፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ሀና ማርያም ውስጥ በምኖርበት ግቢ ሴቶቹ ደጅ ላይ ከሰል አያይዘው ከብበው ተቀምጠዋል። ልደታን ቤት ውስጥ ሆኖ ማክበር የለም። እመቤታችን የተወለደችው ሊባኖስ ተራራ ላይ፣ ደጅ ነው ስለሚባል ንፍሮውም፣ ዳቦውም፣ ቡናውም ደጅ ይወጣል። ስንዴና ሽምብራ የተቀላቀለበት ንፍሮ በሰፌድ ቀርቧል። ጀበናው ሊገነፍል ትንሽ ቀርቶታል።

የግቢው መብራት ድንገት ጠፋ። ወዲያው በራ። ደግሞ ጠፋ።

“መብራቱ ሊሄድ ነው መሰል” አለች አንዷ።

ሊሄድ አልነበረም። ኋላ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚኖረው የሰባት ዓመት ልጅ ማንም ሳያየው አከራያችን ሳሎን ገብቶ ማብሪያ ማጥፊያው ሥር ቆሟል። ያጠፋና በሩ ላይ ብቅ ብሎ አምፖሉን ያያል፤ ያበራና ደግሞ ብቅ ይላል፤ ሲበራ እጆቹን እንደ ክንፍ ያርገበግባል። በስሙ ሲጠሩት አይዞርም። እናቱ ተነሥታ ትከሻውን አቅፋ አመጣችው፣ ከጎኗ አስቀመጠችው፣ ንፍሮ በእፍኙ ሰጠችው። እሱ ግን ዐይኑን ከአምፖሉ አልነቀለም።

ከግቢው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ልጁን ሲያዩት ቆዩና፣ በክፋት ሳይሆን እንዲያው የልባቸውን፣ “ይኼ ልጅ ግን በማን ወጣ?” አሉ።

እናቱ ስኒ መደርደሯን ቀጠለች። “እንጃ እማማ። በአባቱ ወገን የለም ይላሉ። በእኔም ወገን አላውቅም።”

ያን ዕለት ማታ ሌላ ነገር አልተናገረችም። በሌላ ቀን ግን ልብስ ስናሰጣ የተቀረውን ነገረችኝ። ልጁ ሦስት ዓመት ሆኖት “እማ” ማለት ሲያቅተው አማቷ መጥተው አይተውት ነበር። ጎንበስ ብለው ፊቱን ከመረመሩ በኋላ የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ “በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም።” ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ተወሰነ። ባሏ አልሰደባትም፣ አልተዋትም። ዝም ብቻ አለ። እሷ ግን ዝምታውን ታውቀዋለች።

“በእኛ ዘር የለም” የሚለው ቃል ስንት ቤት እንደሚባል የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። እኔም ስለ ዘር የተጠየቀውን ጥያቄ ራሱ ዘሩ ምን ብሎ እንደሚመልስ ለማየት ተነሣሁ።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። የእመቤታችን እናት ሐና መካን ተብላ ስትሰደብ፣ አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ እንደኖረች ሲተረክ ያልሰማ የሰፈራችን ምእመን ያለ አይመስለኝም። በእናትነቷ የተነወረች ሴት ስም በያዘ ሰፈር ሌላይቱ እናት በልጇ ምክንያት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ይህ ነገር ልቤን ይነካዋል፤ ልደብቀውም አልፈልግም።

የልጁ ሁኔታ ኦቲዝም ይባላል፤ ለብዙ ዘመን እናትን ሲያስወቅስ የኖረ ነው። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በ1943 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ የ11 ልጆችን ታሪክ አሳተመ። ልጆቹ ከሰው ይልቅ ዕቃ ይመርጣሉ፤ ነገር ሁሉ እንደነበረ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ። ካነር ሁኔታው አብሯቸው የተወለደ እንደሆነ ጽፎ ነበር፤ ሆኖም ወላጆቻቸው ቀዝቃዛ እንደነበሩም ጠቀሰ። ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያውን ዋጠው። “የፍሪጅ እናት” የሚል ስም ወጣ፦ ልጇን ያላሞቀች፣ ፍቅር የነፈገች፣ በቅዝቃዜዋ ልጁን ወደ ራሱ ዓለም ያባረረች። በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም ይህን ሐሳብ በመጽሐፍ አስፋፋው። አንድ ትውልድ ሙሉ የአሜሪካና የአውሮፓ እናቶች ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ራሳቸው ተከሳሽ ሆነው ይመለሱ ነበር።

የእኛ ቃላት ሌላ ናቸው እንጂ ጣቱ የሚቀሰረው ወደዚያው ነው። ደጀኔ ጥላሁንና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ጥናት አዲስ አበባ ባሉ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ 102 አሳዳጊዎችን አነጋግረው ነበር። የችግሩ መንሥኤ ምን ይመስላችኋል ሲባሉ አንዳንዶቹ የጭንቅላት ጉዳት፣ የምጥ ችግርና የሚጥል በሽታ አሉ፤ ሌሎቹ ርኩስ መንፈስና ኃጢአት አሉ። ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያስቡም ነበሩ። ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። የእኔ ጎረቤት ከእነዚያ ከ102ቱ አንዷ አይደለችም። ግን ጠበል ሄዳለች፣ ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ “ቴሌቪዥን ስላበዛሽበት ነው” ተብላለች፣ እርጉዝ ሳለች ምን አይታ እንደደነገጠች ተጠይቃለች። የተጠየቀችው ሁሉ ስለ ራሷ ነው።

ወቀሳውን በሳይንስ በኩል መናድ የጀመሩት መንትዮች ናቸው። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እንግሊዝ ውስጥ 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንደኛው ኦቲዝም ነበረው። ከአንድ ዕንቁላል ከወጡት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም መንትዮች ኦቲዝም ነበራቸው። ከሁለት ዕንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን አንድም እንዲህ ያለ አልተገኘም። አንድ እናት፣ አንድ ማሕፀን፣ አንድ ቤት፤ ልዩነቱን ያመጣው የዘረመል መመሳሰል ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሰፋ። ዴንማርክን፣ ፊንላንድን፣ ስዊድንን፣ እስራኤልንና ምዕራብ አውስትራሊያን ያካተተና ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን የተመለከተ የ2019 ጥናት፣ ኦቲዝም በአንዱ ላይ ታይቶ በሌላው ላይ ላለመታየቱ 80 ከመቶ ያህሉን ምክንያት የሚይዘው የዘር ውርስ ነው ብሏል።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት አማቲቱን ነው። እነሆ፣ “ዘር ነው” ይላሉ፤ ወቀሳው ሊጸና ነው። ነገር ግን ሳይንቲስቶቹ ዘሩ ውስጥ ገብተው የሚፈልጉትን ጂን ሲፈልጉ ሌላ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች በአብዛኛዎቹ የተበላሸ ጂን አይገኝም። በ2020 ከ35,000 በላይ ሰዎችን የመረመረ ጥናት ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ጂኖችን ለይቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው። እነዚያ ጂኖች የተበላሹባቸው ልጆች ግን ጥቂት ናቸው። የብዙዎቹ ልጆች ጂኖች ሲነበቡ ደህና ናቸው። ታዲያ ዘሩ የታለ?

እዚህ ላይ ወደ ግቢያችን እንመለስ። እኔም፣ የልጁ እናትም፣ እማማም በየክፍላችን አምፖል አለን። የግቢው አምፖል ግን ማብሪያው አከራያችን ሳሎን ነው። ቤቱ ሲሠራ እንዲያ ተዘርግቷል። አንድ ሌሊት መብራቱ እምቢ ቢል አምፖሉን አውርደን ብንመረምር ምንም አናገኝበትም፤ አምፖሉ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቤት፣ ሌላ ግድግዳ ላይ፣ ማብሪያው ዘንድ ነው።

የሰው ዲኤንኤ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ከእነዚህ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉት፣ ጂን ስንል በተለምዶ የምናስባቸው 20,000 ያህል ጽሑፎች፣ ከጠቅላላው 2 ከመቶ አይሞሉም። አምፖሎቹ እነሱ ናቸው። የቀረውን 98 ከመቶ ብዙ ዘመን “ዝባዝንኬ” ብለው ንቀውት ነበር። ውስጡ ግን ማብሪያ ማጥፊያዎቹ አሉ፦ ይህ ጂን በጉበት ይብራ፣ በአንጎል ይጥፋ፤ ከመወለድ በፊት ይብራ፣ ከተወለዱ በኋላ ይደብዝዝ፤ ብዙ ይሥራ፣ ጥቂት ይሥራ የሚሉ ቦታዎች። የጉበት ሕዋስና የአንጎል ሕዋስ የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። የሚለያቸው የትኛው መብራት የት እንደበራ ብቻ ነው።

ለዚህ ከዓለም ሁሉ ጎልቶ የሚጠቀሰው ምስክር የሚገኘው በእኛው ወተት ውስጥ ነው። ሕፃን ሁሉ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ላክቴዝ የሚባል ፕሮቲን አለው። በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች በአብዛኞቹ ልጅነት ሲያልፍ ጂኑ ይጠፋል፤ ትልቅ ሰው ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋው ለዚህ ነው። ከብት አርቢ በነበሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ወተት ይጠጣል። ላክቴዝን የሚሠራው ጂን ሲመረመር በሁለቱም ሰዎች ያው ነው። ልዩነቱ የተገኘው ከጂኑ 14,000 ያህል ፊደል ርቆ፣ ኤምሲኤም6 በሚባል ሌላ ጂን ሆድ ውስጥ በተቀመጠ ማብሪያ ላይ ነው። ማብሪያው ሌላ ቤት ነው ማለት ይኸው ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም፤ ለእኛ የሚጠቅመውም ቀሪው ነው። በ2002 ፊንላንድ ውስጥ የአውሮፓውያኑን የፊደል ለውጥ ያገኙ ተመራማሪዎች ቁልፉን ጨበጥን ብለው ነበር። ያን ፊደል ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው ቢፈልጉት እምብዛም የለም። ወተት የሚጠጣው አርብቶ አደር ግን እዚሁ አለ። በ2007 የሣራ ቲሽኮፍ ቡድንና ሌሎችም የአፍሪካውያኑን ለውጦች አገኙ። በ2013 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ለውጦች እዚያችው ትንሽ ማብሪያ ላይ ተጠጋግተው እንደሚገኙ አሳየ። የአውሮፓውን ፊደል ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ኢትዮጵያውያን ወተት መጠጣት አይችሉም ብሎ በተመለሰ ነበር።

ሌላም አለ። ዳፊ የሚባለው የደም ዓይነት በብዙ አፍሪካውያን ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የለም፤ ምክንያቱ በጂኑ ደጃፍ ላይ ያለች አንዲት ፊደል መለወጧ ነው። ያች ፊደል ጂኑን የምታጠፋው በቀይ ደም ሕዋስ ብቻ ነው፤ በሌላው የሰውነት ክፍል መብራቱ እንደበራ ነው። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት ቫይቫክስ የሚባለው ወባ በብዙው የአፍሪካ ክፍል ሲቀንስ፣ ዳፊ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ተደባልቀው በሚኖሩባት ኢትዮጵያ ግን በሽታው እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ይጥላል። ማብሪያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኦቲዝምን የሚያጠኑት ሰዎችም ወደዚህ ቦታ ዞሩ። በሚያዝያ 2018 ዊልያም ብራንድለርና ጆናታን ሴባት ካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ውስጥ ከቡድናቸው ጋር ያወጡት ጥናት እኔን ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላቸውን 2,600 ቤተሰቦች፣ በድምሩ 9,274 ሰዎችን፣ ሙሉ ዲኤንኤ አነበቡ። የፈለጉት ማብሪያዎቹ ላይ የደረሰ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የተቆረጠ ወይም የተደገመ ቁራጭ። አንጎል በሚፈልጋቸው፣ መጉደል በማይችሉ ጂኖች ማብሪያ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ያለው ወላጅ ራሱ ደህና ሆኖ ኖሮ ለልጁ ሊያስተላልፈው ይችላል።

ከማን ይወረሳል? የሚጠበቀው መልስ ከእናት የሚል ነበር። ሴቶች ኦቲዝምን ከወንዶች ይልቅ የሚቋቋሙ ስለሚመስል እናት ለውጡን ይዛ ምልክት ሳታሳይ ልታስተላልፍ ትችላለች ተብሎ ይታሰባል፤ በአንዳንድ የጂን ለውጦችም እንዲህ ታይቷል። በማብሪያዎቹ ላይ የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያዎቹ 829 ቤተሰቦች ከአባት የተወረሱት የማብሪያ ለውጦች ከሚጠበቀው በላይ ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ተላልፈው ተገኙ፤ ኦቲዝም ለሌላቸው እኅትና ወንድሞቻቸው ግን እንዲያ በዝተው አልተላለፉም። ነገሩ በአጋጣሚ እንዳይሆን በሌሎች 1,771 ቤተሰቦች ደግመው አዩት፤ ያው ሆነ።

“የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው” እንላለን። የአባትም ዘር ዥንጉርጉር ነው።

እባካችሁ ይህን ይዛችሁ ወደ አባትየው ጣት እንዳትቀስሩ። እኔ አማቲቱን ለመርታት ብዬ አልጻፍኩትም። ይኸው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን የበለጠ ያሰፋዋል። ጁን ዮንግ አንና ስቴፋን ሳንደርስ የመሩት ይህ ጥናት 1,902 ቤተሰቦችን ተመልክቶ ከእናትም ከአባትም ያልተወረሱ፣ በልጁ ላይ እንደ አዲስ የተፈጠሩ 255,106 የፊደል ለውጦችን ቆጠረ። ኦቲዝም ያለውም የሌለውም ልጅ እያንዳንዱ 67 ያህል አዲስ ለውጥ ይዞ ይወለዳል። እርስዎም፣ እኔም፣ እማማም እንዲሁ ተወልደናል። የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት ሲጨምር ሁለት ያህል እንደሚጨመሩ በ2012 አይስላንድ ውስጥ ታይቷል። ጥናቱ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ ከማብሪያ ስፍራዎች ሁሉ ጎላ ያለ ምልክት ያገኘው ከጂኑ ደጃፍ አካባቢ፣ በተለይም ፍጥረታት በረጅም ዘመን ሳይለውጡ ጠብቀው ባቆዩአቸው ፊደላት ላይ ነው። እነዚህ ከማንም አልተወረሱም። በማንም አልወጣም ማለት ነው፤ በራሱ ወጣ።

በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከጃፓን የወጣ ጥናት ኦቲዝም ያላቸውን ከ5,000 በላይ ሰዎች መርምሮ ሌላ ነገር ጨመረ። ዲኤንኤ በሕዋስ ውስጥ ታጥፎ ሲቀመጥ እንደ ግቢ እየተከፋፈለ፣ በአጥር ታጥሮ ነው። በአንድ አጥር ውስጥ ያሉ ጂኖችና ማብሪያዎች እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ከአጥሩ ማዶ ካሉት ጋር ግን እምብዛም። ከኦቲዝም ጋር የሚያያዝ ጂን ባለበት ግቢ ውስጥ የጎረቤት ጂን ደጃፍ ላይ የደረሰ አዲስ ለውጥም አደጋውን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አሳዩ። በአንድ ቆጣሪ አምስት ተከራይ የሚኖርበትን ግቢ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም፤ አንዱ ምጣድ ሲሰካ የሌላው መብራት ይደበዝዛል።

ከሁሉም አንዱ ጥናት የአባቶቻችንን ልማድ አስታወሰኝ። በ2016 የክሪስቶፈር ዎልሽ ቡድን ሰው ከሌሎች እንስሳት ሲለይ በፍጥነት የተለወጡ፣ ብዙዎቹ በማብሪያነት የሚያገለግሉ የዲኤንኤ ክፍሎችን መረመረ። ዘመድ ከዘመድ በተጋባባቸው ቤተሰቦች ከእናትም ከአባትም ያንኑ ቦታ የተበላሸ አድርገው የወረሱ ልጆች ተገኙ፤ በእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች እስከ 5 ከመቶ የሚሆነውን ኦቲዝም ሊያስረዳ እንደሚችል ገመቱ። የእኛ ሰው “ሰባት ቤት ቁጠሩ” ሲል የኖረው ስለ ዲኤንኤ አውቆ አይደለም። የሚከለክለው ግን ሁለት የተበላሹ ማብሪያዎች አንድ ልጅ ላይ እንዳይገናኙ ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁን ያመጣው የትኛው ማብሪያ ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የእኔን ጎረቤት ልጅ ዲኤንኤ ማንም አላነበበውም። ቢያነብም አንዲት ማብሪያ ጠቁሞ “ይቺ ናት” ማለት በአብዛኛው አይቻልም። የተበላሸ ጂን አምፖል እንደ መስበር ነው። የማብሪያ ለውጥ ግን ብዙውን ጊዜ መብራቱን ጨርሶ አያጠፋውም፤ ትንሽ ያደበዝዘዋል፣ ትንሽ ያደምቀዋል፣ ወይም ሊበራ ከሚገባው ሰዓት ያዘገየዋል። እንዲህ ያሉ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች፣ ከሁለቱም ወገን የመጡ፣ አንዳንዶቹም አዲስ የተወለዱ፣ በአንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ። ብዙዎቹ ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ ጂኖች ከሁሉ ጎልተው የሚሠሩት ልጁ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ፣ በእርግዝናው መካከለኛ ወራት የአንጎሉ ቅርፊት ሲሠራ ነው። ቴሌቪዥኑ ገና አልተከፈተም። ክትባቱም አልተሰጠም፤ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘውን የ1998 ጽሑፍ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሽሮታል።

ኦቲዝምን የሚናገር የደም ምርመራ ዛሬም የለም። የሚታወቀው ልጁን አይቶ፣ አብሮት ተጫውቶ፣ ወላጁን ጠይቆ ነው።

አሁን እኔን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። የጠቀስኳቸው 2,600 ቤተሰቦች፣ 1,902 ቤተሰቦች፣ 5,000 ሰዎች ውስጥ የእኛ ሰው የታለ? በ2019 የወጣ ግምገማ የዘረመል ጥናቶች ውስጥ ከገቡ ሰዎች 78 ከመቶው የአውሮፓ ዘር እንደሆኑ፣ አፍሪካውያን ግን 2 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ ቆጥሯል። የወተቱን ታሪክ አስቡት። በማብሪያ ጉዳይ የሌላው ሕዝብ ፊደል ለእኛ አይበቃም፤ የእኛ ማብሪያዎች የእኛው ናቸው፣ ዓይነታቸውም ብዙ ነው። በኦቲዝምና በመሰል የአንጎል ዕድገት ችግሮች ላይ ኒውሮዴቭ የተባለ ሰፊ የዘረመል ጥናት በአፍሪካ ተጀምሯል፤ ወደ 5,600 ሰዎችን ለማካተት ታስቦ። የሚካሄደው ኬንያ ኪሊፊና ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ነው። ኢትዮጵያ የለችበትም።

አይቻልም የሚለውን አልቀበልም። ኒውሮጋፕ በተባለው የከባድ የአእምሮ ሕመም ዘረመል ጥናት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ጋር አብሮ ሠርቷል። ምራቅ ተሰብስቧል፣ ፈቃድ ተጠይቋል፣ ባለሙያ ሠልጥኗል። ያው መንገድ ለእነዚህ ልጆችም ሊከፈት ይችላል። በእርግጥ አገራችን ውስጥ ከዲኤንኤው በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ የተሠራም አለ። የኪንግስ ኮሌጅ ለንደኗ ሮዛ ሁክስትራ፣ ቤተልሔም ተኮላ፣ ደጀኔ ጥላሁንና ሌሎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው አገልግሎቱ በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ የታጨቀ መሆኑን አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆች ክህሎት ሥልጠናም በኢትዮጵያ ተሞክሯል፤ ዶክተር በሌለበት ቦታ እናትና አባት ራሳቸው ልጁን በጨዋታ እንዲያናግሩ የሚያስተምር ነው።

ከእነዚህም በፊት ዘሚ የኑስ ነበረች። ልጇ ጆጆ ኦቲዝም ነበረው፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ታጣ። ሌላዋ ቤቷን ዘግታ በተቀመጠችበት ዘመን ዘሚ ልጇን ይዛ አደባባይ ወጣች። በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ ብላ የሰየመችውን፣ ልጆች በፊደል ገበታችን አማካይነት ድምፅ እንዲያወጡ የሚረዳ ዘዴ ፈጠረች። በ2021 እስክታርፍ ድረስ በየመድረኩ የወላጆችን አንገት ቀና ታደርግ ነበር። “የኦቲዝም ልጅ አለኝ” የሚለው ቃል በአማርኛ ጮክ ተብሎ መነገር የቻለው በአብዛኛው በእሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ከጎረቤቴ ጋር ደጃፏ ላይ ተቀመጥን። ልጁ ክፍላቸው ውስጥ ነው፤ በእጁ አባቱ ያመጣለት ምንም ሽቦ ያልተገናኘው ማብሪያ ማጥፊያ አለ። አባትየው ኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገዝቶ፣ በቁራጭ ጣውላ ላይ ቸንክሮ ሰጥቶታል። ሰውየው ዝም አለ እንጂ ልጁን አልጠላም።

የአባቱን፣ የእናቱን፣ የአዲሶቹን ለውጦች ነገር በቻልኩት መጠን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ “ታዲያ ከእኔ ነው ወይስ ከእሱ?” አለች።

“ከሁለታችሁም ሊሆን ይችላል። ከማናችሁም ላይሆንም ይችላል። ያደረግሽው ነገር ግን አይደለም።”

“ያደረግሁት አይደለም?”

“አይደለም።”

ለረጅም ጊዜ መሬቱን አየች። ቀጥላ የጠየቀችኝን እጠብቀው ነበር። ሁለተኛ ልጅ ብትወልድስ? በ2024 የወጣ፣ ኦቲዝም ያለው ታላቅ ያላቸውን 1,605 ሕፃናት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተከታተለ ጥናት ከ5ቱ አንዱ ያህል፣ 20.2 ከመቶው፣ ኦቲዝም እንዳላቸው አግኝቷል። ከዓለም ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ይገምታል። ቁጥሩን ሳልቀንስም ሳልጨምርም ነገርኳት። “ከአምስቱ አራቱ ግን የለባቸውም ማለት ነው” አለች፤ በጣቷ ቆጠረች። ውሳኔው የእሷና የባሏ ነው፤ እኔ ምንም አልጨመርኩም።

“ለአማቴ ይህን ልትነግሪልኝ ትችያለሽ?” አለችኝ በመጨረሻ። “እኔ ብናገር አይሰሙኝም። አንቺ ግን የምትጽፊ ሰው ነሽ።”

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በከፊል ለእሳቸው ነው። እናቴ፣ በእርስዎ ዘር የለም ማለት አይቻልም፤ በማንም ዘር የለም ማለት አይቻልም። ሁላችንም የማናየው ማብሪያ ተሸክመናል።

ለሌሎቻችሁም፦ ልጃችሁ አንድ ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት ከሆነ፣ ዓመት ከመንፈቅ እየተጠጋው አንድም ቃል ከሌለው፣ ወይም የነበሩት ቃላት ከጠፉበት፣ “ወንድ ልጅ ይዘገያል” ብላችሁ አትቆዩ። በማን እንደወጣም አትከራከሩ። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ለሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፤ ክሊኒኩን ግን አታስቀሩ። ልጁ በሦስት ዓመቱ የሚያገኘው እርዳታ በሰባት ዓመቱ ከሚያገኘው ይበልጣል። የጎረቤቴ ልጅ የመጀመሪያ ቀጠሮውን ያገኘው ስድስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።